በአንድ ቁልፍ አማርኛ መጻፍ፦ እጅ ለማይታዘዝለት ሰው የመጻፊያ መሣሪያ አነዳደፍ

በኪቦርድ ለመጻፍ ቢያንስ አንድ ጣትን በተፈለገው ቦታ፣ በተፈለገው ቅጽበት ማሳረፍ መቻል ያስፈልጋል። ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበት፣ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰበት ወይም ጡንቻው ከዓመት ዓመት እየከዳው የመጣ ሰው ይህን ማድረግ ያቅተው ይሆናል፤ የሚጽፈው ነገር ግን በልቡ ሞልቷል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሠራው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በአንድ ቀላል አሠራር ላይ ነው፤ ብርሃን በፊደላቱ ላይ በተራ ይዘዋወራል፣ ጸሐፊውም የሚፈልገው ፊደል ሲበራ አንዲት ቁልፍ ይጫናል። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ በመጀመሪያ በእጁ በሚጫናት ቁልፍ፣ እጁ ሲደክም ደግሞ መነጽሩ ላይ ተገጥሞ የጉንጩን እንቅስቃሴ በሚያነብ የኢንፍራሬድ መሣሪያ የጻፈው በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህ መመሪያ ያንኑ መሣሪያ ለአማርኛ እንዴት መንደፍ እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያስረዳል። የተጻፈው ለሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ለፊዚዮቴራፒስቶች፣ ለልዩ ፍላጎት መምህራንና ልጃቸው ወይም ወንድማቸው እንዲጽፍላቸው ለሚሹ ቤተሰቦች ነው። ሥራውን ስጀምር «እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው፣ የእኛ ግን ከ230 በላይ ስለሆነ ይቅርብህ» ያሉኝ ብዙዎች ነበሩ። በሥራው ላይ ያየሁት የዚህ ተቃራኒ ነው። የፊደል ገበታችን ከጥንት ጀምሮ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ ስለሆነ፣ ንድፉ ያንን አደራደር ካከበረ የሥራው ግማሽ አልቆ ይጠብቀዋል።

፩. የሚታመነውን እንቅስቃሴ መፈለግ

ማንኛውም ሥራ የሚጀምረው ከአቀማመጥ ነው። እግሩ የተንጠለጠለ፣ ወገቡ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሰው ያለው አቅም ሁሉ ላለመውደቅ ይውላልና እጁ እንዲረጋለት መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ በቅድሚያ እግሩ መርገጫ እንዲያገኝ፣ ዳሌው ወደ ኋላ ገብቶ እንዲቀመጥ፣ ስክሪኑም ከዐይኑ ትይዩ እንዲሆን ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ከራስ እስከ እግር ጣት ድረስ ጸሐፊው በፈቃዱ የሚያዝዘው እንቅስቃሴ የትኛው እንደሆነ ይፈልጉ። የሚፈለገው ትልቅ ወይም ጠንካራ እንቅስቃሴ አይደለም፤ በተጠራ ጊዜ የሚመጣ፣ ባልተጠራ ጊዜ የማይመጣ፣ ከተደጋገመም በኋላ የማያደክም እንቅስቃሴ ነው።

አንድ የ19 ዓመት ወጣት ቤት ስሄድ ቤተሰቡ በሙሉ «ቀኝ እጁ ይሻላል» አሉኝ። እውነትም ቀኝ እጁን ከግራው በተሻለ ይዘረጋል፤ ነገር ግን እጁን ወደ ቁልፉ በዘረጋ ቁጥር አንገቱ አብሮ ወደ ኋላ ይሳብና ዐይኑ ከስክሪኑ ይነሣል። ቁልፉን ሲጫን ፊደሉን አያየውም፣ ፊደሉን ሲያይ ቁልፉን አይጫንም። ሦስት ሳምንት በከንቱ ከደከምን በኋላ መላውን ያገኘው እሱ ራሱ ነው። ሲስቅ ቀኝ ጉልበቱን ወደ ውጭ የመግፋት ልማድ ነበረው፤ አንድ ቀን ወደ ጉልበቱ እያየ ደጋግሞ ገፋው። ቁልፉን ከወንበሩ ጎን በጉልበቱ ትይዩ ስናስረው አንገቱ ረጋ፣ ዐይኑም ከገበታው ላይ ሳይነሣ መጻፍ ጀመረ። እኔ መጀመሪያ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው እሱን ነበር።

የተገኘውን እንቅስቃሴ በቁጥር መፈተሽ ተገቢ ነው። 20 ጊዜ «አሁን» እያሉ በመጥራት ስንቱን እንደመለሰ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደዘገየ፣ ሳይጠራም ስንት ጊዜ እንደተጫነ ይመዝግቡ። ፈተናውን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ያድርጉት፤ ጠዋት ከ20 ውስጥ 19 የመለሰ እግር ከሰዓት በኋላ 11 ብቻ ሊመልስ ይችላልና።

በዚህ ደረጃ ላይ መርሳት የማይገባው አንድ ነገር አለ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ባለ አንድ ቁልፍ መሣሪያ አያስፈልገውም። ለአንዳንዱ እርሳሱን በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ወይም በስፖንጅ ማወፈር ይበቃዋል። ለሌላው ኪቦርዱ ላይ የሚገጠም፣ በየቁልፉ ትይዩ የተበሳ ፕላስቲክ ክዳን ጣቱን እንዲያሳርፍበትና ወደ ጎረቤት ቁልፍ እንዳይንሸራተት ይረዳዋል። በአንድ እጁ ብቻ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ጠ እና ጨን የመሳሰሉትን ለማምጣት ሺፍትን ከሌላ ቁልፍ ጋር መያዝ ሲቸገር፣ በዊንዶውስ ላይ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫን የሚመጣው የ«ስቲኪ ኪይስ» አገልግሎት ሁለቱን ቁልፎች በተራ እንዲጫን ያደርገዋል። እነዚህ ከበቁ እዚያው መቆም ነው፤ ሰውየው በራሱ ጣት በደቂቃ 15 ፊደል የሚጽፍ ከሆነ፣ ተዘዋዋሪ ብርሃን ፍጥነቱን ይቀንስበታል።

፪. ኮድ ከመጻፍ በፊት ወረቀት

የመጀመሪያው ገበታ በካርቶን ላይ በማርከር የሚጻፍ ይሁን። ረዳቱ ከጸሐፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ ረድፎቹን በጣቱ በተራ ያሳያል፤ ጸሐፊው በተስማሙበት ምልክት፣ ለምሳሌ ዐይኑን በመጨፈን፣ «እሱ ነው» ይላል፤ ከዚያ በረድፉ ውስጥ ያሉት ፊደላት በተራ ይጠራሉ። ይህ መናኛ መስሎ የሚታይ ዘዴ መጽሐፍ አስጽፏል። ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዣን ዶሚኒክ ቦቢ እ.ኤ.አ. በ1995 በስትሮክ ተመትቶ መላ አካላቱ ሲያዝ፣ ረዳቱ ፊደላትን እየጠራችለት በግራ ዐይኑ ሽፋን ብቻ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይጠሩለት የነበሩት ፊደላት በኤ ቢ ሲ ቅደም ተከተል ሳይሆን በፈረንሳይኛ ውስጥ በሚዘወተሩበት መጠን የተደረደሩ መሆናቸው ነው። ወደዚህ ጉዳይ በአራተኛው ደረጃ እንመለሳለን።

የካርቶኑ ገበታ ለንድፉ ከሁሉም የረከሰ ሙከራ ነው። የትኛው ፊደል የት ቢሆን እንደሚሻል፣ ጸሐፊው ምን ያህል ፍጥነት እንደሚከተል፣ ምን ምን ቃል እንደሚያዘወትር በአንድ ሳምንት ውስጥ ይታወቃል፤ ፊደል ማዘዋወርም ሌላ ካርቶን ከመቁረጥ የበለጠ ወጪ የለውም። ረዳቱ ግን ሁለት ነገር መጠበቅ አለበት። አንደኛ፣ ቃሉን ቀድሞ ቢያውቀው እንኳ ጠይቆ ሳይፈቀድለት አይጨርስ። ሁለተኛ፣ የተመረጠውን እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብሎ ይጥራ፣ ይጻፍም። እናት ልጇ «እ» ባለ ቁጥር «እንጀራ» እያለች ስትጨርስለት አይቻለሁ፤ ልጁ ግን ሊጽፍ የፈለገው «እህቴ» ነበር።

፫. ቁልፉን መሥራት

በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ የሚሸጡት ቁልፎች (ስዊቾች) አብዛኞቹ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ገመድ ያለ የ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ አላቸው። ስለሆነም እርስዎ የሚሠሩት መሣሪያ ይህንኑ መሰኪያ እንዲቀበል ያድርጉ፤ ነገ ከውጭ የተላከ ስዊች ቢገኝ ያለ ችግር ይሰካል። ከኮምፒውተሩ ጋር ለማገናኘት ርካሹ መንገድ አሮጌ የዩኤስቢ ማውስ ነው። ማውሱን ሲፈቱት በግራ ጠቅታ ሥር ትንሽ ጥቁር ስዊች ያገኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እግር አላት። በኤሌክትሪክ መለኪያው በመልቲሜትር እየነኩ፣ ጠቅታው ሲጫን ብቻ ድምፅ የሚያሰሙትን ሁለት እግሮች ይለዩ፣ በእነርሱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይበይዱና ሽቦዎቹን ከማውሱ ጎን በተበሳ ቀዳዳ አውጥተው ስዊቹ ከሚሰካበት ከሴት መሰኪያው ጋር ያያይዙ። ከዚህ በኋላ በመሰኪያው የሚገባ ማንኛውም ስዊች የግራ ጠቅታ ሆኖ ይሠራል። የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው በኦቲጂ ገመድ አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮችም ይቀበሉታል። ሶፍትዌሩ ግን ጠቅታው በስክሪኑ ላይ የትም ቢያርፍ እንደ አንድ ምልክት እንዲቆጥረው ሆኖ መጻፍ አለበት፤ የማውሱን ጠቋሚ ቦታ ማስተካከል ለጸሐፊው ሌላ እዳ ነው።

ስዊቹ ራሱም ከእጅ የሚገኝ ነገር ሊሆን ይችላል። የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ካርቶኖችን በምግብ መጠቅለያ ፎይል አልብሶ፣ በመካከላቸው መሐሉ የተበሳ ስፖንጅ ማስገባትና ከየፎይሉ አንዳንድ ሽቦ ማውጣት ነው። ሲጫኑት ፎይሎቹ በቀዳዳው በኩል ይነካካሉ። ስፖንጁ በወፈረ ቁጥር ቁልፉ ይጠነክራል፤ እጁ ለሚከብድና ሳይፈልግ ለሚጫን ሰው ወፍራም፣ ጉልበት ለሌለው ሰው ስስ ይሁን። ፎይሉ በሁለትና በሦስት ወር ይቀደዳል፣ ሲቀደድ ግን ማንም የቤተሰብ አባል ሊለውጠው ይችላል። ከውጭ የመጣ ስዊች ሲበላሽ ተለዋጭ እስኪገኝ ዝም ብሎ መቀመጥን ያየ ሰው የዚህን ጥቅም አይስተውም።

፬. ፊደሉን መደርደር

ዋናው የንድፍ ሥራ እዚህ ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ብርሃኑ በየፊደሉ ላይ አንድ ሰከንድ እየቆየ ሁሉንም በተራ ቢዞር፣ አንድ ፊደል ለማግኘት በአማካይ 116 ሰከንድ ይፈጃል፤ «ሰላም» ለማለት ስድስት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። በመጀመሪያ ተነባቢውን ከ33 ረድፍ፣ ቀጥሎ ድምፁን ከሰባቱ ዓምዶች ብናስመርጥ አማካዩ ወደ 21 ሰከንድ ይወርዳል። ተነባቢዎቹን ራሳቸውን ስድስት በስድስት በሆነ ገበታ ላይ ብንደረድራቸውና መጀመሪያ ረድፉን፣ ከዚያ በረድፉ ውስጥ ያለውን ሳጥን፣ በመጨረሻም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ቢመርጥ፣ ሦስት ጊዜ በመጫን በአማካይ 11 ሰከንድ ይበቃዋል። ፊደላቱን እንደ አዘውታሪነታቸው ስናስቀምጥ ደግሞ ከዚህም ያጥራል።

ስድስት በስድስት 36 ሳጥን ነው። 33ቱ ፊደላት እንዳሉ ከገቡ ለክፍተት፣ ለአራት ነጥብና ለማጥፊያ የሚተርፈው ሦስት ሳጥን ብቻ ስለሆነ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት ማጣመር ግድ ይላል። ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በሃሌታው ሀ ሥር፣ ንጉሡ ሠ በእሳቱ ሰ ሥር፣ ዐይኑ ዐ በአልፋው አ ሥር፣ ፀሐዩ ፀ በጸሎቱ ጸ ሥር ሲገቡ 28 ይቀራሉ። ቨ ሲታከልበት 29 ይሆናል። የሚተርፉትን ሰባት ሳጥኖች ለክፍተት፣ ለአራት ነጥብ፣ ለነጠላ ሰረዝ፣ ለማጥፊያ፣ ለቁጥር፣ ጽሑፉን በድምፅ ለማሰማትና ለቃል ግምት (የተጀመረን ቃል ገምቶ ሙሉውን ለማቅረብ) ማዋል ይቻላል።

የተጣመሩት ፊደላት ግን ከገበታው ፈጽሞ መጥፋት የለባቸውም። በመጀመሪያው ንድፌ አጥፍቻቸው ነበር፤ «አንባቢው ይረዳዋል» ብዬ። ገበታውን የሰጠኋት ሴት የራሷን ስም እንድትጽፍ ስጠይቃት ጽፋ ስትጨርስ ለረጅም ጊዜ አየችውና ሁሉንም አጠፋችው። ስሟ በፀሐዩ ፀ የሚጻፍ ነው። በመታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም የማያስጽፍ መሣሪያ ምን ያደርግላታል? ስለዚህ ከሰባቱ ድምፆች ቀጥሎ «ዘመድ» የሚል አንድ ሳጥን ይግባ፤ እሱ ሲመረጥ ሀ ወደ ሐ፣ ከዚያም ወደ ኀ ይለወጣል። ከእሱ በፊት ለእነ ሏ፣ ቋ፣ ጓ የሚሆን የዲቃላ ሳጥን፣ በመጨረሻም ተነባቢውን በስሕተት ለመረጠ ሰው «ተው» የሚል መመለሻ ይቀመጥ።

ቀጣዩ ጥያቄ ሰባቱ ድምፆች በምን ቅደም ተከተል ይምጡ የሚለው ነው። ከልጅነት ጀምሮ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያልን ስላደግን ያንኑ መከተል የተፈጥሮ ያህል ይመስላል። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከሁሉም በላይ የሚዘወተረው ሳድስ ነው፣ በተለመደው ተራ ደግሞ ስድስተኛ ላይ ተቀምጧል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እንይ። ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት፤ አምስቱም ሳድስ ናቸው። በተለመደው ተራ ለድምፅ ምርጫ ብቻ አምስት ጊዜ ስድስት፣ ማለትም 30 ሰከንድ ይጠፋል፤ ሳድስ ቀዳሚ ቢሆን አምስት ሰከንድ ይበቃ ነበር። በአንዲት ቃል ላይ የ25 ሰከንድ ልዩነት ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ሳድስ፣ ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ሳብዕ፣ ኃምስ የሚለውን ተራ ነው። ፊደል ገና እየቆጠረ ላለ ልጅ ግን ይህን አልመክርም፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ገበታና በስክሪኑ ላይ ያለው ገበታ ከተለያዩበት ሁለቱንም ያጣል። ለእሱ የተለመደው ተራ ይቆይለት፣ ፊደሉን ከለየ በኋላ በራሱ ጊዜ ይለውጠው።

ተነባቢዎቹን በተመለከተ፣ አንድ ሳጥን የሚፈጀው ጊዜ የረድፉና የዓምዱ ቁጥር ድምር ነው። በአንደኛው ረድፍ መጀመሪያ ያለው ሁለት ሰከንድ፣ በስድስተኛው ረድፍ መጨረሻ ያለው 12 ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ክፍተት፣ ነ፣ ተ፣ መ፣ ለ፣ ረ፣ በ፣ የ፣ አ የመሳሰሉት በላይኛው ግራ ጥግ ዙሪያ ይሰብሰቡ፣ ጰ፣ ፐ፣ ዠ እና ቨ ደግሞ ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ ይሂዱ። የመካከለኞቹን ተራ ለመወሰን በካርቶኑ ሳምንት የተጻፈውን ጽሑፍ ይቁጠሩ። የጋዜጣ ጽሑፍ ቆጠራ የአንድን ወጣት የቴሌግራም መልእክት አይወክልም።

ለፕሮግራም ጸሐፊው የሚያስደስተው ነገር፣ ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲያስገባ ይህንኑ የረድፍና የዓምድ ቅርጽ ጠብቆ ማስገባቱ ነው። ሀ 4608 ቁጥር ላይ ነው፣ ለ 4616 ላይ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ስምንት ቦታ ይይዛል። ለ 4616 ከሆነ ሉ 4617፣ ላ 4619፣ ል 4621 ነው። ስለዚህ ተነባቢውና ድምፁ ከተመረጡ ፊደሉን ለማግኘት ከመደመር የተለየ ሥራ የለም። ቋ፣ ኳ እና ጓን የመሳሰሉት ግን ከእናት ረድፋቸው ውጭ ሌላ ረድፍ ላይ ስለተቀመጡ ለእነሱ ለብቻ ትንሽ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ።

፭. ፍጥነቱን ማስተካከል

ብርሃኑ በየሳጥኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ በግምት አይወሰንም። በዘርፉ የተለመደ መነሻ አለ፤ ጸሐፊው «አሁን» ከተባለ በኋላ ለመጫን የሚወስድበትን አማካይ ጊዜ በ0.65 ማካፈል ነው። አማካዩ 0.8 ሰከንድ ከሆነ ብርሃኑ 1.2 ሰከንድ ገደማ ይቆይ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ በትንሽ በትንሹ ማፍጠን ይቻላል። የመጀመሪያው ረድፍና የመጀመሪያው ሳጥን ግን ከሌሎቹ ግማሽ ሰከንድ ያህል ጨምረው ይቆዩ፤ ጸሐፊው ጣቱን ወይም ጉልበቱን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ ለሚቀጥለው መጫን እስኪዘጋጅ አዘውታሪዎቹ ፊደላት እያመለጡት ሌላ ዙር መጠበቅ አሰልቺ ነው።

ሁለት ማጣሪያዎችም ያስፈልጋሉ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ከአንድ መጫን በኋላ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ የሚመጣ ሌላ መጫን አይቆጠር። ሳያስበው ቁልፉን ለሚነካ ሰው፣ ለተወሰነ ጊዜ ያልተያዘ መጫን አይቆጠር። ጡንቻው የሚግተረተርበት ሰው አንዳንዴ ከመጫን ይልቅ መልቀቅ ይቀልለዋል፤ ለእሱ ቁልፉ እንደተያዘ ብርሃኑ ይሂድ፣ ሲለቀቅ ይምረጥ። እነዚህ ሁሉ በቅንብር ገጽ ላይ ግልጽ በሆነ አማርኛ ተጽፈው፣ ያለ ፕሮግራመር እርዳታ የሚለወጡ ይሁኑ።

፮. ስሕተትን በርካሽ ማረም

በ11 ሰከንድ የተጻፈን ፊደል አጥፍቶ በሌላ 11 ሰከንድ እንደገና መጻፍ ለማንም ያስመርራል። በተግባር ግን ከሚፈጠሩት ስሕተቶች ብዙዎቹ ተነባቢው ትክክል ሆኖ ድምፁ የተሳሳተባቸው ናቸው፤ ጸሐፊው ላ ሲፈልግ ለ ላይ ይጫናል። ስለዚህ ማጥፊያው ሲመረጥ ሁለት አማራጭ ያምጣ፤ «ድምፁን ለውጥ» እና «ፊደሉን አጥፋ»። የመጀመሪያው ሲመረጥ ሰባቱ ድምፆች ብቻ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ተነባቢው እንዳለ ይቆያል። የዩኒኮዱ አቀማመጥ ይህን የአንድ መስመር ሥራ አድርጎታል። ረድፍ በስሕተት ለተመረጠበት ጊዜ ደግሞ ብርሃኑ በረድፉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞሮ ምንም ካልተመረጠ ራሱ ወደ ረድፎቹ ይመለስ።

፯. የቃል ግምት

ከእንግሊዝኛ የተቀዱ የቃል ግምት ፕሮግራሞች በአማርኛ ላይ የሚሰናከሉት በቃላቱ ርባታ ነው። «ቤት» የሚለው ቃል በቤት፣ ከቤቱ፣ ለቤታችን፣ ስለቤታቸውም እያለ ይበዛል፤ ሁሉንም በዝርዝር ውስጥ ማስገባት አይቻልም፣ ቢቻልም ጸሐፊው የሚፈልገው ከመቶው ውስጥ ይሰወርበታል። የተሻለው መንገድ ቃሉን በሦስት ቦታ መክፈል ነው። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ እና ስለ በቅድሚያ ለብቻቸው ይመረጡ፤ ከዚያ ፕሮግራሙ የእነሱን መኖር ረስቶ ዋናውን ቃል ይገምት፤ ቃሉ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ቅጥያዎቹ በአጭር ዝርዝር ይቅረቡ።

ቅጥያው ሲታከል የመጨረሻው ፊደል እንደሚለወጥ መዘንጋት የለበትም። «ቤት» እና «አችን» ተገጣጥመው «ቤታችን» ሲሆኑ ት ወደ ታ፣ «ቤቱ» ሲሆን ወደ ቱ ይቀየራል። እንደ እንግሊዝኛው ከቃሉ ጫፍ ላይ መቀጠል ብቻ «ቤትአችን» የሚል የማይነበብ ነገር ያወጣል። እዚህም ላይ መፍትሔው ሳድሱን ወደ ራብዕ ወይም ወደ ካዕብ ማሸጋገር፣ ማለትም ያው የመደመር ሥራ ነው።

ግምቶቹ ከአምስት አይብለጡ። ዝርዝሩን ማንበብ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ ብርሃኑም ያልፍበታል፤ አራት ፊደል ለቀረው ቃል 44 ሰከንድ ከማጥፋት በአምስት ሰከንድ መምረጥ ትርፍ ቢሆንም፣ በየፊደሉ ዝርዝሩን ለማየት መቆም ትርፉን መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት እስኪጻፉ ምንም አይቅረብ። ፕሮግራሙ ከጸሐፊው ልማድ የሚማር ከሆነ፣ የተማረው ከመሣሪያው አይውጣ፣ ጸሐፊው ራሱም ሊያጠፋው ይቻለው። እናቱ ፊት «ፍቅ» ብሎ ሲጀምር ለፍቅረኛው የጻፈው «ፍቅሬ» እንዲመጣበት የሚወድ ወጣት የለም።

፰. ድምፅና ማየት የተሳናቸው ጸሐፊዎች

ከእጁ በተጨማሪ ዐይኑም ለደከመ ሰው፣ ብርሃኑ በየሳጥኑ ሲደርስ ስሙ ዝግ ባለ ድምፅ ይጠራለት። የ36ቱን ሳጥኖች ስምና ሰባቱን ድምፆች መቅዳት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ከኮምፒውተር ድምፅ ይልቅ ጸሐፊው የሚያውቀው ሰው ድምፅ ቢሆን ይመረጣል። መጥሪያው በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ለጸሐፊው ብቻ ይሰማ፣ ተጽፎ ያለቀው ዓረፍተ ነገር ግን በድምፅ ማጉያ ለሁሉም ይውጣ። ለሙሉ ጽሑፍ ንባብ፣ በነጻ የሚገኘው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለ የንባብ ፕሮግራም አማርኛን ስለሚያነብ ለመነሻ ይበቃል፣ አነጋገሩ ደረቅ ቢሆንም።

ማየት ተስኖት እጁ ጤነኛ የሆነ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። ወረቀቱን በሚይዘው ሰሌዳና ነጥቡን በሚወጋው መውጊያ (ስሌትና ስታይለስ) ወይም በስድስት ቁልፉ የፐርኪንስ መኪና ብሬይል የለመደ ሰው ስድስት ቁልፍ ያለው ኪቦርድ እንጂ ተዘዋዋሪ ብርሃን አያሻውም። በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ ፕሮግራሙ ሁለቱን የነጠብጣብ ምልክቶች ተቀብሎ ወደ አንድ ፊደል ማዋሐድ ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ የሚወጣው ጽሑፍ በዩኒኮድ ይሁን። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ለዐይን አማርኛ ቢመስልም የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር) የሚያነበው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው።

፱. ፈተናና ርክክብ

መሣሪያው የሚፈተነው ጸሐፊው በእውነት ሊጽፈው በሚፈልገው ነገር ነው። «አበበ በሶ በላ» ማስገልበጥ የቁልፉን አሠራር ያሳይ እንደሆነ እንጂ የመጻፍን ችግር አያሳይም። በቀን 20 ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ያህል ይጻፍ፤ በየቀኑ ሦስት ነገር ይመዝገብ፦ ከታረመ በኋላ በደቂቃ ስንት ፊደል እንደተጻፈ፣ ስንት ጊዜ ማጥፊያው እንደተመረጠ፣ ጸሐፊው ሲጨርስ ምን ያህል እንደደከመው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደቂቃ ሦስትና አራት ፊደል ቢገኝ ተስፋ አያስቆርጥም። ፍጥነቱ እየጨመረ ድካሙም አብሮ እየጨመረ ከሄደ ግን ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሶ የቁልፉን ቦታ ማየት ይገባል። በፈተናው ወቅት ገበታውን ማዘዋወር ፈጽሞ አይገባም፤ ጸሐፊው ቦታዎቹን በቃሉ መያዝ ሲጀምር አንድ ፊደል ማንቀሳቀስ የሳምንት ልምዱን ያፈርስበታል።

ርክክቡ የሚደረገው ቢያንስ ሁለት የቤተሰብ አባላት ቁልፉን መግጠም፣ ፍጥነቱን መለወጥና የተቀደደውን ፎይል መቀየር በራሳቸው እጅ ሠርተው ካሳዩ በኋላ ነው። የቁልፉ ቦታ በወንበሩ ላይ በቀለም ፕላስተር ምልክት ይደረግበት፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን የተንሸራተተ ቁልፍ «ዛሬ ልጁ ሰነፈ» ያስብላል። ተለዋጭ ስዊች በወንበሩ ኪስ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ጸሐፊው ዝም እንዳይል፣ በሁለተኛው ደረጃ የተሠራው ካርቶን የፊደላቱ አቀማመጥ ከስክሪኑ ጋር አንድ ሆኖ እንደገና ተጽፎ፣ በፕላስቲክ ተለብጦ ከወንበሩ ጀርባ ይንጠልጠል።